ቀዩን አምጣልኝ

ሸን ሱዪን ከሃንግጆ ተነሥታ ቾንግቺንግ እስክትደርስ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ በባቡር ስትጓዝ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። በካፖርቷ የውስጥ ኪስ የያዘችውን ደብዳቤ ስንት ጊዜ አውጥታ እንዳነበበችው ራሷም አታውቀውም። ሦስት መስመር ናት።

«ሱዪን፣ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። በጸደይም አትምጪ። አባትሽ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ሃይቦ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ ሰው እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ አምስት ስድስት ገጽ ሲጽፍላት የኖረ ነው። ወንዙ ሞልቶ ስንት ደረጃ እንደዋጠ፣ ሸካሞቹ በምን እንደተጣሉ፣ እናቱ በየትኛው ደንበኛ ላይ ጭልፋ እንዳነሡ አንድም አያስቀርባትም ነበር። ስለዚህ ሦስቷን መስመር ስታነብ መጀመሪያ የመጣባት እንባ አይደለም። ንዴት ነው።

የንዴቷን ምክንያት ለመረዳት አባቷን ማወቅ ያስፈልጋል። መምህር ሸን በሃንግጆ ሐይቅ ዳር አራት ትውልድ የዘለቀ የሻይ ቤት ጌታ ናቸው። ነጋዴዎች ከሩቅ መጥተው ቅጠላቸውን ፊታቸው ያስቀምጡና እሳቸው አንዴ ፉት ብለው የሚናገሩትን ቃል ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ወንድ ልጅ የላቸውም። ያንን ምላስ የወረሰችው ሱዪን ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ በአፏ እንዳይዞር ተከልክላ አደገች። እንዲህ ሆና ያደገች ልጅ ደግሞ ሰው ሁሉ እሳት በሚበላበት ከተማ፣ በርበሬ የበዛበት መረቅ ጠረጴዛ ላይ እየፈላ የሚበላበት የድስት ቤት ልጅ ወደደች።

አባቷ ባለፈው መኸር ለሃይቦ የጻፉለትን አልደበቋትም። እራት ላይ ፊት ለፊት ነገሯት። «‹የልጄ ምላስ የቤታችን ምሰሶ ነው። በአንተ ድስት እንፋሎት ውስጥ አንድ ዓመት ብትኖር ምሰሶው ይወድቃል። የምትወዳት ከሆነ ተዋት› ብዬ ጽፌለታለሁ» አሏት። ሱዪን ያን ጊዜ ሳቀች። ሃይቦ እንዲህ ባለ ወረቀት የሚበረግግ ሰው አልመሰላትም ነበር።

አሁን ግን «እውነት ነው» ብሎ ጻፈ። አንድ ሽማግሌ ስለገሠጸው ብቻ ሦስት ዓመቱን በሦስት መስመር ዘጋው። ልትለምነው አልመጣችም። ዐይን ዐይኗን እያየ እንዲላት ነው የመጣችው። ከባቡሩ ስትወርድ ይህንኑ ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ነገር ግን የጣቢያው ብርድ ፊቷን ሲመታት እርምጃዋን ቀነሰች። ዐይን ዐይኗን እያየ ቢላትስ?

ወደ ወንዙ የሚያወርደው ደረጃ አፋፍ ላይ ሸካሚው ጋሽ ዴንግ የቀርከሃ መሸከሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስድሳ ሊደፍኑ ምን ቀራቸው፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ጠባሳ ግን ከአርባ ዓመት ሸክም የተሠራ ነው።

«አንቺ የሻይዋ ልጅ!» ብለው ቦርሳዋን ከእጇ ቀሟት።

«ጋሽ ዴንግ፣ አልረሱኝም?»

«እንዴት ብዬ! አንዲት የበርበሬ ፍሬ ነክሰሽ ሠፈሩን ሁሉ ያስደነገጥሽ አይደለሽም እንዴ? እኔ ሰው የሞተ መስሎኝ ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር።»

ሳትወድ ሳቀች። እውነት ነው፣ ያ የሆነው በመጀመሪያዋ ቀን ነበር። ለአባቷ የጃስሚን አበባ ያለበት ሻይ ልትገዛ የመጣች መንገደኛ ነበረች። ዝናብ አባርሯት አንድ ድስት ቤት ገባች፤ ቦታ ስለጠፋ አንድ ቀጭን ረጅም ወጣት ከሸካሞቹ ጋር አስቀመጣት። አንዲት ፍሬ ነክሳ እንባዋ ሲወርድ ሸካሞቹ በሳቅ ፈረሱ። ወጣቱ፣ ሃይቦ፣ ግን አልሳቀም። ጓዳ ገብቶ የዓሣ አጥንት ቀቅሎ፣ ነጭ፣ ምንም የማያቃጥል መረቅ በትንሽ ድስት ይዞላት መጣ። «ይኸ ለአንቺ ነው» አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ በመጣች ቁጥር ነጩ ድስት የሷ ነው። ሸካሞቹ «የሕፃን ገንፎ» ይሉታል።

«የልጁ እናት ፔንግ ግን የለችም» አሉ ጋሽ ዴንግ ደረጃውን እየወረዱ። «እህቷ ታማባት ከሄደች ሁለት ቀን ሆናት፤ ዛሬ ትመለሳለች። ልጁ አለ። አለ ከተባለ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እኔ ሸካሚ ነኝ የኔ ልጅ፤ ዕቃ አደርሳለሁ እንጂ ወሬ አላደርስም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ታች አንድም ቃል አልተናገሩም። ጋሽ ዴንግ ዝም ሲሉ ሱዪን አይታ ስለማታውቅ ፍርሃቷ ሌላ መልክ ያዘ።

የእትዬ ፔንግ ድስት ቤት ሰባት ጠረጴዛ ብቻ ናት። የምሳ ሰዓት ገና ስለነበር ሦስቱ ብቻ ተይዘዋል። ሱዪን በሩ ላይ እንደቆመች ሃይቦ ድስት በሁለት እጁ ይዞ ከጓዳ ወጣ።

አያትና ቆመ። ድስቱ ተነቀነቀ፤ ትኩሱ ቅባት ክንዱ ላይ ፈነጠቀ፤ የተሰማው አይመስልም። ከስቷል። ጉንጮቹ ገብተው፣ ዐይኖቹ ብቻ እንደ ድሮው ቀርተዋል። እነዚያ ዐይኖች ለአንድ አፍታ ቦግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ እፍ እንደተባለ ኩራዝ ድርግም አሉ። ሱዪን ሁለቱንም አየች። የትኛውን ማመን እንዳለባት አላወቀችም።

«መጣሽ» አለ።

«ደንበኛ ነኝ» አለችው። «ለአንድ ሰው ቦታ አለ?»

በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ጠረገላት። ሁለቴ ጠረገው። «ነጩን አሁን አደርስልሻለሁ።»

«ቀዩን አምጣልኝ።»

«ሱዪን፣ እባክሽ።»

«ለሌላው ደንበኛ ምን ያህል ያቃጥል ብለህ ትጠይቅ የለም? ለምን እኔን አትጠይቀኝም?»

ጨርቁን አጠፈ። «ለስለስ ያለ፣ መካከለኛ፣ ወይስ ብርቱ?»

«የሠፈሩ ሰው የሚበላውን።»

«ኧረ በሕግ!» አሉ ከሸካሞቹ ጋር ጥግ የተቀመጡት ጋሽ ዴንግ። «ልጄ፣ እኔ ሬሳ ሽቅብ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም!»

ሸካሞቹ ሳቁ። ሃይቦ ግን ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ፣ «የአባትሽ የጸደይ ሻይ ቅምሻ ሊደርስ ሃያ ቀን ነው የቀረው። ምላስሽ...» አላት።

«ምላሴ የኔ ነው» አለችው። «አንተና አባቴ ተጻጽፋችሁበት ከሆነም ገና አልሸጥኩትም።»

ፊቱ ደም መሰለ። ወደ ጓዳ ገባ። ሱዪን ስለታሙን ቃል በመናገሯ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ አላላትም።

ቀዩ ድስት መጥቶ እሳቱ ላይ ተጣደ። የከብት ሞራው ቀልጦ፣ በርበሬው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ፣ ምላስ የሚያደነዝዘው ትንሹ ፍሬ እንደ ጠጠር ሲንከባለል ይታያል። ሃይቦ ሽንፍላውን፣ የዳክዬ አንጀቱን፣ ድንቹንና የሎተስ ሥሩን በየሳህኑ ደረደረላት። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት የያዘውን ሳህን ከሁሉ ኋላ ፊቷ አኖረ። ሱዪን ነጭ ሽንኩርት በአፏ ገብቶ አያውቅም።

ሽንፍላውን በመብያ እንጨቷ ያዘች፤ ሸካሞቹ ሲያደርጉ እንዳየችው ሰባት ስምንቴ ነክራ አነሣች፤ ከዘይቱ ነካ አድርጋ ጎረሰችው።

በመጀመሪያ እሳቱ መጣ። ጆሮዋ ጮኸ፣ ዐይኗ አነባ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፈ። ጋሽ ዴንግ ባርኔጣቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን ሲልኩ አየቻቸው። አላቆመችም። ሁለተኛ ጎረሰች። ሦስተኛ። በሦስተኛው ላይ ግን፣ እሳቱን አልፎ፣ ሃያ ዓመት የተሠራው ያ ምላስ ሥራውን ጀመረ።

አንድ ነገር ልክ አይደለም።

የባቄላው ድልህ ሲቁላላ አርሯል። ምሬቱ ከጉሮሮ ሥር ይቀራል። ጨው በእጥፍ ገብቶበታል። ዝንጅብሉ የለም፤ ተረስቷል። ይህ የምታውቀው ሃይቦ ያበሰለው ሊሆን አይችልም። በደብዳቤው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድልህ ብቻ የሚጽፍላት፣ «ከማረሩ በፊት አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ሽታው ይለወጣል፤ ያንን ትንፋሽ የያዘ ያዘ» ብሎ የጻፈላት ሰው ነው። ቀና ብላ ሌሎቹን ጠረጴዛዎች አየች። ሸካሞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ፤ ውሃ ደጋግመው ይጠጣሉ፤ ማንም ምንም አይልም። ሃይቦ አጠገባቸው ቆሞ ጭልፋውን ከድስቱ አነሣ፣ እንደ ልማዱ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጭልፋውን መለሰው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ግድግዳ የሚያይ ሰው ይመስላል።

ሱዪን እንጨቷን አስቀመጠች። ደብዳቤው፣ መክሳቱ፣ የጋሽ ዴንግ ዝምታ፣ ክንዱ ላይ የፈሰሰው ቅባት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት።

ከቦርሳዋ ትንሿን ፔርሙዝ አወጣች። በመጣች ቁጥር ከአባቷ ቤት ምርጡን ሻይ ታመጣለት ነበር። ዘንድሮ በንዴት ምንም አላመጣችም፤ ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ከባቡሩ የቀዳችው የፈላ ውሃ ነው።

«ሃይቦ» አለችው። «ና ቅመስልኝ። እንዴት ነው?»

መጣ። ከፔርሙዙ አፍ ፉት አለ። ድሮ እንደሚያደርገው ዐይኑን ጨፈነ፤ በዚያ በከሳ ፊቱም ላይ ፈገግታ ለማምጣት ሞከረ። «የአባትሽ የጸደይ ቅጠል ነዋ» አለ። «እንደ ተቆላ ባቄላ ይሸታል። ዘንድሮም አልከዳም።»

ሱዪን እጅጌውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። ከሱ በቀር ማንም እንዳይሰማው አድርጋ፣ «ባዶ ውሃ ነው፣ ሃይቦ» አለችው።

ዐይኑን ገለጠ። የቀረው ደም ከፊቱ ሸሸ። ፔርሙዙን እንደ ዕንቁላል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ጓዳ ገባ። በንዴት የመጣችው ሱዪን የንዴቷን ቦታ ብትፈልገው አጣችው፤ እዚያ የነበረው ጭንቀት ብቻ ነው።

ከጓዳው በስተኋላ፣ በሩን ተሻግሮ፣ ወንዙን የሚያይ ጠባብ ደረጃ አለ። እዚያ ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብርዱ ሲገባ ትኩሳት ጣለኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ስነሣ...» እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «ስነሣ ዓለሙ ሁሉ ውሃ ሆነ። ነጭ ሽንኩርት ብነክስ ውሃ። ጨው ብልስ ውሃ። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ነው ያለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

«‹ሱዪን፣ ታመምኩ› ብለህ ነዋ! ሁለት ቃል ናት። የሻገተ ጎመን ዋጋ በሁለት ገጽ የምትጽፍልኝ ሰው ሁለት ቃል አቃተህ?»

«አባትሽ ሲጽፉልኝ አልተናደድኩም» አለ ወንዙን እያየ። «መልስ ነበረኝ። አንድ ቀን ፊታቸው ቆሜ ልላቸው ያዘጋጀሁት ነበረኝ። ‹መምህር፣ እኔ ሀብት የለኝም፣ ትምህርት የለኝም፤ ግን የጣዕም ሰው ነኝ፣ እንደ እርስዎ። እርስዎ በቅጠል፣ እኔ በበርበሬ› ልላቸው ነበር። ሌሊት ተኝቼ እለማመደው ነበር፣ ታምኛለሽ? ከዚያ ታመምኩ። ያቺኑ አንዲት መልሴን ትኩሳት ወሰዳት። አሁን ‹ምን ይዘህ መጣህ?› ቢሉኝ ምን እላለሁ? ማሽተት የማይችል የድስት ቤት ልጅ ነኝ ልበላቸው? አንቺስ ምኔን ታገቢያለሽ?»

ሱዪን እጁን ልትይዝ እጇን ሰደደች። ግን ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ንዴቷ፣ አሁን እውነተኛ ምክንያቱን አግኝቶ፣ ተመልሶ መጣ።

«ስማኝ» አለች። «አባቴ ስለኔ ወስኖ ላንተ ጻፈ። አንተ ስለኔ ወስነህ ለኔ ጻፍክ። ሁለታችሁ ስለኔ ስትመካከሩ እኔን የጠየቀኝ ማነው? አንድ ሰው፣ አንድም ሰው፣ ‹ሱዪን፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?› ያለ አለ?»

ሃይቦ እጅጌውን በተቃጠለው ክንዱ ላይ ሳበ።

«አራት ወር ሙሉ የወደድኩትን ሰው ደብቀህብኝ፣ ‹አትምጪ› ብለህ ሸኘኸኝ። እኔ የወደድኩት አፍንጫህን መሰለህ እንዴ?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከውስጥ ኮሽታ ተሰማ። በተገረበበው በር ሁለቱም አዩ። እትዬ ፔንግ፣ ገና የመንገድ አቧራ ሳያራግፉ፣ የጎመን ቅርጫታቸውን ወለሉ ላይ ጥለው፣ በቀጥታ ወደ ትልቁ የመረቅ ድስት ሄዱ። ማንም ያለ አልመሰላቸውም። በጭልፋ ቀመሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እንደ ሌባ ወደ ኋላ ዞር ብለው አይተው፣ ከመረቁ ሁለት ጭልፋ ቀንሰው፣ ንጹሕ የአጥንት ውሃ ጨመሩበት፤ ዝንጅብል ከትፈው ወረወሩ፤ ከመደርደሪያው ሥር ከደበቁት ማሰሮ አዲስ ድልህ አወጡ። እጃቸው አይንገዳገድም። ሥራውን መቶ ጊዜ የሠራ ሰው እጅ ነው።

«እማዬ» አለ ሃይቦ።

እትዬ ፔንግ ከነጭልፋው ደርቀው ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላቸው። ይህች ሱዪን የጠየቀችው ጥያቄ ናት፤ በሱ አፍ ግን ሌላ ክብደት ነበራት።

እትዬ ፔንግ ሊዋሹ ሞከሩ። በመጨረሻ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ካልጋ የተነሣህ ማግስት ጀምሮ» አሉ። «ሽሮፕህን ስትጠጣ ፊትህ አልጨመደደም። ሕፃን ሆነህ መድኃኒት ስሰጥህ ሠፈር ታምስ የነበርክ ልጅ ነህ። እናት ልጇ ሲርበው ታውቃለች፤ ጣዕም ሲጠፋበት አታውቅም?»

«በየቀኑ?»

«ጎህ ሳይቀድ። አንተ ከመነሣትህ በፊት።»

«እኔ እኮ... እኔ እኮ በልማድ ይዤዋለሁ ብዬ... እጄ ያውቀዋል ብዬ...» አራት ወር ሙሉ ከእናቱ ደበቅኩ ያለውን፣ እናቱ ከሱ ደብቀውለት ኖረዋል። እናቱ ሁለት ቀን ባይኖሩ ዛሬ ሠፈሩ ሁሉ ያረረ ድልህ በላ።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ እትዬ ፔንግ። ከዚያ ያ የማይበገር ፊታቸው ፈረሰ። «ልጄ፣ አንተ ለኔ ስትል ቀና ብለህ ትሄድ ነበር። ‹አውቃለሁ› ብልህ የምትወድቅብኝ መሰለኝ።»

ሃይቦ ሁለት እርምጃ ሄዶ ግንባሩን የእናቱ ትከሻ ላይ ጣለ። ለእናቱ በጣም ረጅም ስለሆነ እንደ ሸንበቆ መጉበጥ ነበረበት። እትዬ ፔንግ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ሱዪን ደረጃው ላይ እንደቆመች ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ያ የነሱ ነው፤ ማየት አልነበረባትም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ስትመጣበት በኖረችው ቤት፣ እንግድነቷ ሲለቃት ተሰማት።

ጥቂት ቆይተው ወደ ጠረጴዛዎቹ ሲወጡ ጋሽ ዴንግ ሳህናቸውን ጠርገው ጨርሰዋል።

«ጋሽ ዴንግ» አለ ሃይቦ፣ ዐይኑ ገና ቀይ ነው። «የዛሬው እንዴት ነበር? እውነቱን።»

ሽማግሌው ሸካሚ ወደ እትዬ ፔንግ አዩ፤ እትዬ ፔንግ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

«እውነቱን? በሕይወቴ እንዲህ ያለ መጥፎ ነገር በልቼ አላውቅም» አሉ። «የትላንቱም ያው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሁለቴ መጡ?»

«ምን ልበል እንግዲህ? ድንጋይ ስሸከም እውላለሁ፣ ያረረ ድልህ ምን ያደርገኛል? እናትህ ስትሄድ ‹ልጁን አደራ› ብላኛለች። የአደራ ምግብ መራራ ቢሆን ይተዋል?» አጠገባቸው ያለው ሸካሚ፣ «እኔ ግን ነገ አልመጣም ነበር» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሃይቦም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሱዪን አየች፤ ሳቅ ግን ገና አልነበረም።

እትዬ ፔንግ የሱዪንን ድስት አይተው ደነገጡ። «ቀዩን ነው የበላሽው? ባዶ ሆድሽን? የአባትሽስ ነገር?»

«አባቴ ጋ ዛሬውኑ እመለሳለሁ» አለች ሱዪን። «የሻይ ቅጠል ለቀማው ደርሷል፤ ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁም። እሱን ልተው አልመጣሁም።» ወደ ሃይቦ ዞረች። ከንፈሯ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፤ እንዲህ ሆና ለሰው ታይታ አታውቅም። «እንዲህ የተቃጠለ ምላስ በሦስት ቀን ይመለሳል። አባቴ አይመለስም ይላል፤ እኔ ግን ዛሬ ያረረውንም፣ ጨው የበዛውንም፣ የጎደለውን ዝንጅብልም በእሳቱ መሐል ለየሁት። ይህን ልነግረው እፈልጋለሁ። የቀረውን ደግሞ አብረኸኝ መጥተህ አንተ ንገረው።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ያለህን። የነበረህን፣ የሄደውን። ከዚያ አባቴ ‹እምቢ› ካለ በጆሮህ ትሰማዋለህ፤ በወረቀት አይደለም። እኔም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ የምንወስነው እኛ ነን።»

ሃይቦ ዙሪያውን አየ፤ ድስቶቹን፣ ጠረጴዛዎቹን፣ እናቱን። ሰው ሊሰምጥ ሲል የሚይዘውን እንደሚፈልግ ነበር አስተያየቱ።

«ድስቱን አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው» አሉ እትዬ ፔንግ፣ ጎመናቸውን እያነሡ። «አፍንጫዬ ገና አልሞተም። ሂድ። ባዶ እጅህን ግን እንዳትሄድ፣ ለአባቷ ብርቱካን ግዛላቸው። በርበሬ እንዳትወስድ፣ ደደብ!»

ሃይቦ እጁን ዘረጋ። ሱዪን ጣቶቹን ስትይዛቸው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ። ልክ እንደሷው።

ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ባቡር፣ የእንጨት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ባቡሩ ገና ከከተማው ሳይወጣ አሮጊቷ አፍንጫቸውን ያዙ።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «ከድስት ውስጥ ነው እንዴ የወጣችሁት?»

ሱዪን በሳቅ ፈነዳች። ሃይቦ ግን ግራ ገብቶት የእጅጌውን ጫፍ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሳበ። እንደገና ሳበ። ፊቱ ላይ ያ ግድግዳ ተመልሶ ሊመጣ ሲል ሱዪን እጅጌውን ከእጁ ወስዳ ወደ ራሷ አፍንጫ አመጣችው።

«ንገሪኝ» አላት ቀስ ብሎ። «ምን ምን አለው?»

«ሞራ አለው» አለች። «የቆየ፣ የሰነበተ ሞራ። ከዚያ በርበሬ። ከዚያ ያ የሚያደነዝዘው ፍሬ፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው፣ ትንሽ ወደ እንጨት ይላል። ነጭ ሽንኩርት። የከሰል ጭስ።»

«ያረረውስ?»

«ያረረውም አለ። ከሁሉ በላይ እሱ ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ ስለሆነ እንደ ሳል ነው የወጣው፤ አሮጊቷ ራሳቸው ደንግጠው አዩት። ሲጨርስ ፊቱን ጠርጎ፣ «ሃንግጆ ስንደርስ ልብስ የምንቀይርበት ቦታ አለ?» አላት።

«አንቀይርም።»

«ሱዪን፣ አባትሽ እኮ ገና ከበሩ...»

«ከበሩ ይሽተተው» አለች። «የት እንደነበርኩ ለማንም መደበቅ አልፈልግም።»

አባቷን ግን ታውቃቸዋለች። እንደማይጮሁ፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው ዝም እንደሚሉ፣ ያ ዝምታ ከጩኸት እንደሚከብድ ታውቃለች። ምን እንደሚመጣ አታውቅም። ሃይቦም አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ እሱ አላወሩም።

ብዙ ሳይቆይ ድካሙ ጣለውና ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ምላሷ ገና ድንዝዝ እንዳለ ነው፤ ከንፈሯም ይለበልባታል። መስኮቱን ልትከፍት እጇን ልካ ሳለች ተወችው። ከዚያ፣ አባቷ የመጀመሪያውን የጸደይ ቅጠል ሲያስቀምጡላት እንዳስተማሯት፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ሳትቸኩል፣ አንዲቱም እንዳታመልጣት፣ የፀጉሩን ሽታ ወደ ውስጥ ሳበችው።